ከድልድዩ ማዶ የቀረው ሰዓት

ይሄ እውነት ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡትን ታሪኮች እኔም አነባለሁ፤ ግማሹን ስቄ ነው የማልፈው። ስለዚህ ስቃችሁ ብታልፉኝ አልቀየማችሁም። የደረሰብኝን ግን አንድ ቃል ሳልጨምር ነው የምጽፈው...

ሌሊት አልነበረም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ባለፈው ጥር ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው አቃቂ፣ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ ላይ ነው።

ዘካሪያስ እባላለሁ። ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ብረት እቆርጣለሁ፣ ብረት እለካለሁ፣ ያልተለካ ነገር አላምንም። ባለቤቴ ሊዲያ "አንተ እኮ ሰውንም በሜትር ነው የምትለካው" ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም።

ልጃችን ሶሊያና ስምንት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ስትሄድ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ከዛ ያገኘችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና "አባ... ደከመኝ" ትለኛለች። እኔም ቁጢጥ እልላታለሁ። ጀርባዬ ላይ ትወጣለች።

ሐኪሟ "ቤት አትዝጉባት" አለን። "በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አራምዷት። ብቻ የልብ ምቷ ከመቶ ሠላሳ እንዳያልፍ።"

"በምን አውቃለሁ?" አልኩት።

"አሁን እኮ የእጅ ሰዓቱ ሁሉ ይለካል" አለኝ።

አቃቂ በሰቃ ስልክ የሚሸጥ ሀይረዲን የሚባል ጓደኛ አለኝ። ሄጄ ነገርኩት። ከመደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን አወረደ። አራት ስማርት ሰዓት አንድ ላይ ታሽጎ፣ ለቤተሰብ የሚሆን። ሲም ይወስዳል፣ ይደወልበታል፣ የልብ ምት ይለካል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ ያለህበትንም ካርታ ላይ ያሳያል። ባትሪው አምስት ቀን ይቆያል አለኝ። አራቱም በእኔ ስልክ ላይ አራት ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

"ሞክረው ዛክ። ካልተመቸህ ትመልሰዋለህ።"

አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሊዲያ፣ አንዱ ለሶሊያና። አራተኛውን ለሊዲያ አባት አሰርኩላቸው፣ ለአባባ ኩምሳ። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

አባባ ኩምሳ ዕድሜያቸውን ሐዲድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበሩ። ባቡሩ ከቆመ ስንት ጊዜው፣ ሐዲዱም ዝጓል። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መስመሩን ይዘው ትንሽ ካልሄዱ አይሆንላቸውም። የሶሊያናንም እርምጃ ከሳቸው ጋር አደረግነው።

አንድ ሕግ አላቸው። ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ይቆሙና ወደ ኋላ ሳይዞሩ "ቁጥር" ይላሉ። እሳቸው አንድ፣ ሊዲያ ሁለት፣ እኔ ሦስት፣ ሶሊያና አራት። ድሮ ሠራተኞቻቸውን እንደዛ ነበር የሚቆጥሩት። ሰው የራሱን ቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው። ለሌላ ሰው አይመለስም።

"ለምንድን ነው?" ብዬ አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ።

"አይመለስማ" አሉኝ።

የዛን ቀን ያዘገዩን ሰዓቶቹ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሦስት ሰዓት ላይ ወጥተን ከአምስት በፊት ቤታችን እንገባለን። የዛን ቀን ትንሽ ቻርጅ እስኪይዙ ስንጠብቅ አምስት ሰዓት አለፈ። አባባ ኩምሳ የግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ።

"ዛሬ ይቅር" አሉ።

"ምነው አባባ?"

"ፀሐይ አናት ላይ ሆና ድልድይ አይታለፍም።"

ሊዲያ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ሶሊያና በየአምስት እርምጃው እጇን እያየች ቁጥሯን ትነግረናለች። "አባ፣ 108! ያንተ ስንት ነው?" የአባባ ኩምሳ 61 ሆነ። ሊዲያ "አባዬ፣ ይሄ የጎረምሳ ልብ ነው" እያለች ታሾፋለች። እኔም ስልኬ ላይ አራቱ ነጥቦች እንደ ጉንዳን ተከታትለው ሲሄዱ እያየሁ ልቤ ሞላ። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጄን ልብ በዓይኔ እያየሁት ነበር።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የሶሊያና 127 ገባ። ከዛ 129።

አባባ ኩምሳና ሊዲያ ቀድመው ተሻገሩ። ሶሊያና ድልድዩ አፍ ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

"አባ... ደከመኝ።"

ቁጢጥ ልልላት ነበር። ጉልበቴን አጥፌ ነበር እኮ።

ግን ስልኩን አየሁት። ራቅ ስል እንዴት እንደሚያሳየኝ መሞከር አማረኝ። የእኔ ጥፋት ይቺው ናት... አዲስ ዕቃ ልሞክር ብዬ ነው።

"እዚህ ተቀመጪ" አልኳት። "ቁጥሩ ከመቶ አስር በታች ሲወርድ ተነሺና ቀስ ብለሽ ነይ።"

"ብቻዬን?"

"ብቻሽን አይደለሽም። በስልኩ አይሻለሁ።"

ድልድዩ አያስፈራም። የሐዲዱን ክፍተት የሰፈሩ ሰው በላሜራ ሸፍኖታል፣ አርባ እርምጃም አይሞላ፣ በግ ሳይቀር ይሻገርበታል። ተሻገርኩ። ከማዶ ሆኜ ስዞር ቁጥቋጦው ጋርዷት አላየኋትም። ስልኩ ላይ ግን ነጥቧ አለች። ቁጥሯም እየወረደ ነው።

121... 112... 104... 94።

"ቁጥር" አሉ አባባ ኩምሳ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን። "አንድ።"

"ሁለት" አለች ሊዲያ።

"ሦስት" አልኩ።

ዝም።

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ስንመጣ ጀምሮ ይሳሳቁ ነበር። አሁን ድምፃቸው የለም። ወንዙም ድምፅ የለውም።

"አራት?" አሉ አባባ ኩምሳ።

ዝም።

ስልኩን አየሁ። ነጥቧ እዛው ናት። 94።

"አራት" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

አባባ ኩምሳ ዞሩ። ቁጥር ጠርተው ሲዞሩ አይቻቸው አላውቅም።

"ማነው የመለሰው?"

"እኔ ነኝ አባባ። አለች እኮ፣ ይኸው ይዩት፣ እያየኋት ነው።"

ስልኩን አላዩትም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ዘካሪያስ... ምን አደረግክ?"

መልስ ሳልሰጣቸው የላሜራው ድምፅ ተሰማ። ሶሊያና እየመጣች ነበር። አንድ እግር፣ ከዛ ሌላው እግር፣ እኩል እኩል እየረገጠች። ሴቶቹም እንደገና መሳሳቅ ጀመሩ።

አፏን ገጥማ ነበር የምትራመደው። ከንፈሯ ቀይ ነው። እጇን አየሁ፣ ባዶ ነው።

"ሰዓትሽስ?"

"ወደቀ።"

"የት?"

እጇን ብቻ ወደ ኋላዋ ዘረጋችልኝ። አንገቷን አላዞረችም።

ስልኩ ላይ ነጥቧ አሁንም ከማዶ ነበረች፣ ድንጋይዋ ጋ። ሳያት ቁጥሩ ተቀየረ። 101... 118... 126። መሬት ላይ የወደቀ ሰዓት።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ድንጋይዋ ላይ ምንም የለም። ሣሩን ገለባበጥኩት። ካርታው ላይ ነጥቧ ድልድዩ ሥር ገባች፤ ወረድኩ፣ የለም። ቀና ስል ደግሞ ነጥቧ ከላዬ ሆነች፣ ላሜራው ላይ። ወጣሁ፣ እሱም ላይ የለም። የሚያጥቡትን ሴቶች ጠየቅኳቸው፣ ማንንም አላየንም አሉኝ።

በአስፋልቱ ዞረን ተመለስን። ድልድዩን ሁለተኛ አልረግጥም ያሉት አባባ ናቸው። መንገዱን ሙሉ ከሶሊያና ራቅ ብለው ሄዱ።

ወደ ቤታችን የሚያስወጣው ዳገት ላይ ሁሌ እሸከማታለሁ። የዛን ቀን ሮጠችው። ላይ ደርሳ ቆማ ጠበቀችን። አልተነፈሰችም ብል ይሻላል መሰለኝ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አላየሁም። ሊዲያ መሀል መንገድ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ አለቀሰች።

"አየሃት ዘኬ? አየሃት?"

"አየኋት" አልኩ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር... ስልኩን እስካይ ድረስ። 133 ይላል። ባትሪ 80።

እሁድ ቤት ስውል ነው ትንንሽ ነገር ማየት የጀመርኩት።

ስሟን ጠርቼ ሳልጨርስ "አቤት" ትላለች። "ሶሊ..." ስል፣ "አቤት"። ከጓዳም፣ ከግቢም፣ የትም ብትሆን። ይሄ ምንም አይደል፣ ጨዋ ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ግን "ሊዲያ" ብዬ ተጣራሁ።

"አቤት" አለች ሶሊያና።

ጎረቤት ሰው መጥቶ "አባባ ኩምሳ አሉ?" ብሎ በሩን ሲያንኳኳም "አቤት" አለች። ከመሬት ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። አባባ ክፍላቸው ውስጥ ሆነው ሰምተዋታል። አልወጡም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጣት። ቦታ እየቀያየረ አዳመጣት። ከዛ ማሽን ላይ አስተኛት። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ተዘግቷል" አለን። "አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። እንኳን ደስ አላችሁ። እንደ ሰዓት ነው የሚመታው፣ 72።"

"ደረጃውን እየሮጠች ነው የወጣችው" አልኩት።

"ይኸው 72 ነው" አለኝ።

ሊዲያ እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ስልኬን ከፈትኩ። ሶሊያና፣ 138። ባትሪ 44። እርምጃ፣ 1,204።

እነሱን ቤት አስገብቼ ቀጥታ ወደ ሀይረዲን ሄድኩ።

"ሰዓቱ ወድቆ ጠፍቶ የልብ ምት ያሳያል" አልኩት። የቀረውን አልነገርኩትም።

ሳቀብኝ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቅል ሶፍት አነሳና ሌላ ሰዓት አሰረበት። ትንሽ ጠብቀን መስተዋቱ ላይ 76 መጣ።

"አየህ? ሶፍትም ልብ አለው። ዕቃ ነው ዛክ፣ ብርሃን የሚመልስለት ነገር ካገኘ ቁጥር ይፈጥራል።"

ደረቴ ቀለለኝ። ከዛ እርምጃውን አሳየሁት።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"ሶፍት ግን አይራመድም" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ልጅ አግኝቶ አስሮት ይሆናላ። ደውልበት እስቲ።"

ሲሙ ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሀይረዲን ስልኩን ተቀብሎኝ ላውድ አደረገው። ጠራ... ጠራ... ተነሳ።

የውሃ ድምፅ። ከዛ ትንፋሽ። በአፍ የሚወጣ ትንፋሽ፣ አጠር አጠር ያለ፣ በየአራቱ አንዴ ቆም የሚል። ስምንት ዓመት ያዳመጥኩትን ትንፋሽ አልስተውም።

"አባ?"

ሀይረዲን ስልኩን ዘጋው።

"ዛክ... ሶሊያና የት ናት?"

"ቤት ናት።"

"ወላሂ በለኝ።"

"ቤት ናት፣ ከእናቷ ጋር። አሁን ከሐኪም ቤት አስገብቻቸው መጣሁ።"

ጥቅሉን ሶፍት ከነሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

መልሼ ስደውል አይነሳም። በዛው ቀን ሳይመሽ ብቻዬን ድልድዩ ጋ ሄድኩ። ተጣራሁ፣ ሥሩ ገባሁ፣ ውሃው ውስጥ ቆሜ ተጣራሁ። ምንም የለም። ነጥቧ ከእኔ ነጥብ ጋር ተደርባ ነበር፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳልገባ አባባ ኩምሳ ክፍል ገባሁ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰዓቱን ከእጃቸው አውልቀው መስኮቱ ላይ አድርገውታል።

"ንገሩኝ" አልኳቸው።

በሩን እንድዘጋው በእጃቸው አሳዩኝ።

"ፀሐዩ የሚባል ልጅ ነበረኝ ሥራ ላይ" አሉ በመጨረሻ። "ሁሌ ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ድልድይ ተሻግረን ቁጥር ስጠራ ዝም አለ። የሱ ሰባት ነበር። ቸኩዬ ነበር። እኔው ሰባት አልኩለት።"

"ከዛስ?"

"መጣ።"

"እና?"

"ጎበዝ ሠራተኛ ሆነ። አይታመም፣ አይደክመው። አገባ፣ ወለደ። ሰው ይወደው ነበር።"

"ታዲያ ምኑ ነው?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አራት ቀን ሙሉ በዛ ድልድይ ባለፍን ቁጥር ከታች ሰባት... ሰባት... የሚል ሰው ነበር። ፀሐዩ ከእኔ ጋር ቆሞ ይሰማዋል። በአምስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ።"

"ለምን አልተጣሩም? ለምን እንደገና ቁጥር አልጠሩም?"

"ፈራሁ ልጄ" አሉኝ። "ፈራሁ።"

በዚህ ዕድሜያቸው አለቀሱ። እኔ ግን ማዘን አልቻልኩም። ጣቴን መቁጠር ነው የያዝኩት። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ... ነገ አራተኛው ቀን ነው። ስልኩን አየሁ፣ ባትሪ 25።

ሊዲያ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። አጠገቧ ቆምኩ። የማወራውን ሳልጀምር ሹክ አለችኝ።

"ወደዛ ልትሄድ ነው።"

"ስሚኝ ሊዲያ። ያቺ ልጅ..."

"ዝም በል። ትሰማሃለች።"

ሁለታችንም ወደ ቤቱ አየን። ሶሊያና በመስኮቱ በኩል ወደ ባቡሩ መስመር ፊቷን አዙራ ቆማለች።

"ታውቂያለሽ ማለት ነው" አልኩ።

የያዘችውን ልብስ ጨመቀችው። ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

"ስምንት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ስቆጥር ነው የማድረው" አለችኝ። "ሦስት ቀን ተኛሁ ዘኬ። ሦስት ቀን። ሐኪሙ ድናለች ብሏል። አትንካብኝ።"

"የኛዋ እኮ እዛ ናት። እየጠራችኝ ነው።"

"የኛዋ ቤት ናት" አለች። ዓይኔን ግን አላየችኝም። ሊዲያን ከልቤ ጠላኋት፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ። እኔም እንደሷ መተኛት አምሮኝ ነበር።

ረቡዕ አለቃዬን አስፈቅጄ ከሥራ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው 6 ነበር። ባጃጅ ይዤ መስመሩ ጋ ስወርድ አባባ ኩምሳ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰዓታቸውን መልሰው አስረው። ስለ ሊዲያ አልጠየቁኝም።

"ስትሻገር ወደ ኋላ አትዙር" አሉኝ። "ስጠራም አትዙር።"

ድንጋይዋ ጋ ቆምኩ። ስልኩ 141 ይላል። ዓይኔ እያየ 143 ሆነ። ሐኪሙ ከመቶ ሠላሳ እንዳያልፍ ብሎን ነበር። ባትሪ 3።

ተሻገርን። እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ። ላሜራው በእኔ እግር ሥር ይጮሃል... ስቆምም አንዴ ጮኸ።

ማዶ ደረስን። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

የወንዙ ድምፅ ጠፋ።

"ቁጥር" አሉ አባባ ኩምሳ። "አንድ።"

የሊዲያ ተራ ነበር። አልመጣችም። ማናችንም አልመለስንላትም።

"ሦስት" አልኩ።

ዝም።

አራት የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ልጅህ ከኋላህ መልስ ሳትሰጥ ዝም ብሎ መቆም ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ከንፈሬን ነከስኩ። ደም ቀመስኩ።

"አራት?" አሉ አባባ፣ በሹክሹክታ።

ዝም።

ባትሪ 1።

"አራ..."

ትንፋሽ። ቆም። ትንፋሽ።

"...ት።"

ከኋላዬ ነው፣ ከክንድ አይርቅም። ልዞር ስል አባባ ኩምሳ፣ ጀርባቸው ለእኔ ሆኖ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"አትዙር።"

"አባ" አለችኝ። "ደከመኝ።"

ቁጢጥ አልኩ።

ወጣች። ሁለት ትንንሽ እጆች አንገቴ ላይ ተጠላለፉ። ቀዝቃዛ ናቸው፣ ጭቃ ነክቷቸዋል። ግራ እጇ ላይ ሰዓቱ አለ። አገጬ ሥር ሆኖ መስተዋቱ አንዴ በራ፣ ከዛ ጠፋ። ስልኬም ላይ ነጥቧ ጠፋች። ግድ አልነበረኝም። ልቧ ጀርባዬ ላይ እየመታ ነበር፣ ፈጠን ፈጠን፣ አንዴ ዝልል፣ ፈጠን ፈጠን። ያ የተሳሳተ የልጄ ልብ። እንደዛ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ተሸከምኳት።

አባባ ኩምሳ ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ዳገቱ ላይ ሳይዞሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ከበደህ?"

"ትንሽ።"

"እንግዲህ እሷ ናት" አሉ። ድምፃቸው ደስታ አልነበረውም።

የግቢውን በር ሊዲያ ከፈተችልኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ምን ሆነህ ነው የጎበጥከው?"

"አመጣኋት" አልኩ።

"ማንን?"

ያሾፈች መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው አላሾፈችም። ዞራኝ ወደ ኋላዬ ሄደች። መዳፏን ጀርባዬ ላይ፣ ልክ ልቧ የሚመታበት ቦታ ላይ አሳለፈችው።

"ላብ ብቻ ነው" አለችኝ። "ሥራ ቦታ የሆንከው ነገር አለ? ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።"

ጆሮዬ ሥር ትንፋሿ ቀጠለ። አጠር፣ አጠር፣ አጠር... ቆም። አባባ ኩምሳን ፈለግኳቸው። ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘግተዋል።

እንደተሸከምኳት ወደ ቤት ገባሁ።

ሶሊያና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ምሳዋን እየበላች ነበር። ስገባ እጇን ከሳህኑ አነሳች። እኔን አላየችኝም። ከግራ ትከሻዬ በላይ ነበር የምታየው፣ ረጅም ጊዜ፣ ሰው የሚያውቀውን ሰው እንደሚያየው።

ከዛ ሳህኗን ወደ መሀል ገፋ አደረገችና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች።

"ነይ" አለች።

አንገቴ ላይ የተጠላለፉት እጆች ተላቀቁ፣ ጀርባዬ ላይ ያለው ክብደትም ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ።